ለቢሆነኝ ደም የተመረጠ ሰው

«ያ ገዳዩ ስንሻው ሞተ አሉ» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው ተሳፋሪ፣ የበግ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ዘና ብሎ። ደብረ ታቦር መነኸሪያው በር ላይ ባጃጄን አቁሜ ሰው እስኪሞላልኝ እጠብቅ ነበር። ዞር ብዬ የትኛው ስንሻው አልኩት። የገሳዩ፣ አለኝ፤ አባትና ልጅ የጨረሰው፣ ሞት ተፈርዶበት በይቅርታ የወጣው። በዚያም አላበቃ። «እንደዚያ ያለውን ያኔውኑ ቢሰቅሉት ለሌላው ትምህርት ይሆን ነበር። ነፍሰ ገዳይ ቀልቦ መፍታት ምን ይሉታል?» አለ። አጠገቡ ያለችው ሴትዮም ከንፈሯን መጠጠችለት።

ውረዱ አልኳቸው፣ ሁለቱንም። ሰውዬው ምን አጠፋን ይለኛል። ጎማ ተንፍሷል አልኩት። ጎማው ደህና ነበር።

እኔ ነገር በሆዴ አይቆይም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ ምላሴ ነው፤ እስር ቤት የገባሁትም ምላሴ በጀመረው ጠብ ሰው ፈንክቼ ነው። የኔ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ። የማወራው ስለ አያ ስንሻው ነው፣ የታሰርኩበት ክፍል ካቦ ስለነበሩት ሰው። ስማቸው ስንሻው አይደለም። የሌሎቹንም ስም ቀይሬያለሁ፤ መንደሩንም ገሳይ እያልኩ አልፈዋለሁ። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ካቦ ማለት እስረኛ ሆኖ እስረኛ የሚያዝ ነው። ማን የት ይተኛል፣ ማን ይጠርጋል፣ ማን ከማን ጋር ይበላል፣ የሚቆርጠው እሱ ነው። የገባሁ ቀን አያ ስንሻው ጥግ ላይ ተቀምጠው መጀመሪያ እግሬን አዩ፣ ቀጥሎ ትከሻዬን፣ ፊቴን መጨረሻ ላይ። በሬ የሚገዛ ሰው ነው እንደዚያ የሚያይ። «ወይፈኑስ ደህና ነው» አሉ አጠገባቸው ላለው ሰው። «አፉ ግን ቀንበር ይፈልጋል።» ምን ብዬ መሰላችሁ፤ እዚህ ቤት ቴሌቪዥን የለም ወይ ብቻ ነው ያልኩት። ከሽንት ባልዲው አጠገብ አስተኙኝ። ከዚያ ቦታ ለመነሳት አንድ ክረምት ሙሉ አፌን መዝጋት ነበረብኝ።

ረጅም ናቸው፣ አጥንታም፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ። ከመናገራቸው በፊት በመዳፋቸው መሬቱን ደልደል ያደርጋሉ፣ አውድማ እንደሚለቀልቅ ሰው። ያ መዳፍ መሬት ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እስረኛው ሁሉ ይሸምናል፣ ኮፍያ ይሠራል፣ ጊዜውን ይገፋል። እሳቸው አንድም ቀን ክር አልነኩም። ሽመና የዘሬ አይደለም ባይ ናቸው። እኔ ኮፍያ ስሠራ ሲያዩኝ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው «እግዜር ይማርህ» ይሉኝ ነበር።

ደግ ነበሩ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። እናቱን የመታ አንድ ጎረምሳ መጣ። እኛ ልንደበድበው ተነስተን ነበር፤ እሳቸው ከለከሉን። «ማንም እንዳያናግረው» ብቻ አሉ። ሑዳዴን ሙሉ ማንም አላናገረውም። ውሃ አቀብሉኝ ቢል የሚሰማው የለም። ሲያለቅስ የሚያየው የለም። መጨረሻ ላይ ከግድግዳው ጋር ማውራት ጀመረ። የፋሲካ ለት አያ ስንሻው «በሉ አሁን አናግሩት» አሉ። አናገርነው። እሱ ግን ዞሮ ለግድግዳው ነው እንኳን አደረሰህ ያለው። አያ ስንሻው ይሄን አይተው ዳቦውን ቆርሰው መብላት ጀመሩ። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

ሞት የተፈረደበት ሰው እንዴት እንደሚኖር ደግሞ አታውቁም። አይገድሉትም፣ አይፈቱትም። ላይ ያለ ሰው እስኪያጸድቀው ድረስ ይበላል ይጠጣል። በሩ ባልተለመደ ሰዓት ከተከፈተ ክፍሉ በሙሉ እሳቸውን ያያል። እሳቸው ተነስተው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። የመጣው ፖሊስ ሌላ ሰው ይጠራል፣ ወይም ባልዲ አውጡ ይላል። ይቀመጣሉ። እኔ ለባልዲው ብቻ ስንቴ ልቤ ቀጥ እንዳለ አላውቅም። እሳቸው ግን ሲቀመጡ የተረፈ ሰው ፊት አልነበራቸውም። የቀረበት ሰው ፊት ነበር። ያን ጊዜ ምኑ እንደቀረባቸው አልገባኝም።

ነገሩን ያወራልኝ የአገራቸው ልጅ ሞላ ነው፣ በሬ ሰርቆ የታሰረ። እንዲህ ነው። አያ ስንሻው ጌጡ የሚባል ታናሽ ወንድም አላቸው። ጌጡ አረቄ ነው ሥራው። ቢሆነኝ ከሚባል ጎረቤታቸው ጋር በድንበር ይጣላል። ቢሆነኝ ልጁን ይዞ ከገሳይ ገበያ ሲመለስ ጌጡ ባሕር ዛፉ ውስጥ አድፍጦ ጠበቀው። አባትየውን መታው። ልጁ አባቱ ላይ ሲወድቅ ልጁንም መታው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው እያየ። ልጁ ገና ተማሪ ነበር።

የቢሆነኝ ታላቅ ወንድም ፈንታ ይባላል። አገር የሚሰማው ሰው ነው። ዘመዱን ሰብስቦ ያለው አንድ ነገር ነው፦ ለቢሆነኝና ለልጁ ደም ጌጡ ነው የምንቀበለው? ጌጡ ቢታሰር ማን ይጎዳል? ወንድሞቹ ራሳቸው እፎይ ነው የሚሉ። ጌጡ ቢሞት ቀብሩ ላይ የሚያለቅስ ሰው በገንዘብ ነው የሚገኝ። ለሁለት ሰው ደም አንድ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል። በዚያ ቤት ሙሉ ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ ሰው የሚያስታርቀው፣ ለጎረቤት ዘር የሚያበድረው፣ ሲናገር አገር የሚያደምጠው ስንሻው።

ይሄ የፈንታ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ድሮም ደም መላሽ ገዳዩን አይፈልግም፤ የገዳዩን ቤት ምሰሶ ነው የሚፈልግ። ድሮ በጠመንጃ ነበር፣ አሁን በምስክር ሆነ። ሠለጠንን ማለት ነው። ሦስት ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ስንሻው ሲተኩስ አይተናል ብሎ ማለ። አያ ስንሻው በዚያ ሰዓት ማሳቸው ላይ ነበሩ፣ ብቻቸውን። ማሳ አይመሰክርም። ከገበያ ሲመለስ ያየው ሕዝብ ግማሹ ፈንታን ፈርቶ ዝም አለ፤ ግማሹ ደግሞ፣ ይሄን ስሙኝ፣ ሚዛኑ ልክ ነው ብሎ ዝም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ገሳይ ላይ እውነቱ በግድያው ለት ማታውኑ ጠርቶ ነበር፤ አገር ያውቃል፣ ዳኛው ብቻ አያውቅም። አድፍጦ፣ ሁለት ነፍስ፣ አንዱ ልጅ፤ ሞት ፈረደ። ጌጡ ፍርዱን የሰማው ችሎት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው።

ሞላ ይሄን ሲነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሳልቆይ አያ ስንሻው ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ምነው አልተናገሩም፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር ይባል የለ አልኳቸው። መሬቱን ደለደሉ።

«ምን ልበል? ወንድሜ ነው ብዬ በአፌ ላሰቅለው?»

ይሁን፣ ወንድም ነው። ይሄ ይገባኛል። ቀጥለው ያሉት ግን አሁንም ያንገበግበኛል። «ፈንታ ደግሞ ሰው ያውቃል» አሉ፣ የከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ ነቃ አለ። ሊስቁ ነው። ኮርተዋል። እኔ ተነስቼ ቆምኩ። ከወንድሞችዎ መርጦ ገመድ ውስጥ የከተተዎትን ሰው ሊያመሰግኑት ነው ወይ አልኳቸው።

«ጌጡን ጠርቶ ቢሆን አፍር ነበር» አሉኝ። «ቢሆነኝ ደህና ሰው ነበር። ለደህና ሰው ደም ያን ማቅረብ አያሳፍርም?»

ቦታዬ ሄጄ ኮፍያዬን መሥራት ቀጠልኩ።

አንድ ሰሞን የሕግ ተማሪዎች መጡ። ስለ ሞት ቅጣት ውይይት ነው ተባለ፤ ግቢው ውስጥ አስቀመጡን። የምታወያየን ልጅ ጎበዝ ናት፣ አፏ ይጣፍጣል። የሞት ቅጣት ይቅር የምትሉ እጅ አውጡ አለች። ሁሉም አወጣ፤ ዶሮ የሰረቀውም ሳይቀር፣ ነገ እንደሚሰቀል ሰው ሁለት እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። አያ ስንሻው አላወጡም። ልጅቷ ማን እንደሆኑ ተነግሯት ነበርና ደነገጠች። ምነው አባቴ አለቻቸው። ተነሱ።

መንግሥት ካልገደለ እኛ እንገዳደላለን አሉ። ሰው ገድሎ እየበላ የሚኖር ከሆነ የሟች ወገን እህል አይወርድለትም፤ ጠመንጃውን ይወለውላል። ገመዱ የመንግሥት ሲሆን ግን የሚቀየሙት ሰው የለም። መንግሥትን ማን ደም ይመልስበታል? እዚያ ላይ ያበቃል አሉ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ «ፍርዱ ስህተት ቢሆንስ? የሚሰቀለው ንጹሕ ሰው ቢሆንስ?» አለች።

የኛ ክፍል ልጆች ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን።

«ንጹሕም ቢሆን» አሉ አያ ስንሻው። «ደም በደም ከወጣ ይደርቃል። ልጄ፣ አንቺ ስለ አንድ አንገት ነው የምታወሪ። እኔ ልጆች አሉኝ።»

ልጅቷ ጻፈችው። ምን እንደጻፈች እንጃ። አመስግናቸው አስቀመጠቻቸው። ስትሄድ ለጓደኛዋ «ጭፍን ነው የገጠር ሰው» ስትል ሰምቻታለሁ።

እኔም ያን ለት አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሙሉቀን ሲመጣ ነው። ሙሉቀን ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው። ሌላው እስረኛ ልጁ ሊጠይቀው ሲመጣ አደግህ፣ ጎረመስህ እያለ ይደሰታል። አያ ስንሻው ልጃቸው ባደገ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። ልጁ ጢም ማቀምቀም ሲጀምር የተናገሩት «ስትመጣ ተላጭተህ ና» ነው። ሰፋ ያለ ልብስ ልበስ፣ ትከሻህን አታሳይ። ልጁ አባቱ ያበዱ ነው የመሰለው።

ሞላ ነው አሁንም ያብራራልኝ። ስንሻው ተፈርዶበታል እንጂ አልሞተም። ስለዚህ እነ ፈንታ ደማችን አልወጣም ይላሉ። ልጅ አይገደልም፣ ነውር ነው፤ ጌጡ ያን ነውር ሠርቷል፣ እነ ፈንታ ግን አይሠሩትም። ሙሉቀን ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ልጅ አጥተናልና ልጅ እንወስዳለን ብለዋል። አያ ስንሻው ቢሰቀሉ ያኔውኑ ሚዛኑ ሞልቶ ነገሩ ያልቅ ነበር። በሩ ባልተለመደ ሰዓት ሲከፈት ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉት ለዚህ ነው። ሳይጠሩ ሲቀሩ የቀረባቸውም ይሄ ነው። ከልጃቸው ጢም ጋር እሽቅድምድም ላይ ነበሩ።

ከዚያ አንድ ቀን በሩ በእርግጥም ለሳቸው ተከፈተ። ኃላፊው ራሱ ነው የመጣው። የሞት ፍርድዎ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጧል፣ እንኳን ደስ ያለዎት አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ወንዱ እልል ይላል፣ አንዱ ባልዲውን እንደ ከበሮ ይደልቃል። እሳቸው ተቀመጡ። አጠገባቸው ስለነበርኩ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«እንግዲህ ልጄን ገደሉት» አሉ።

ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ጊዜው ሲደርስ ይቅርታ መጠየቅ ይችላል። ጥፋቱን አምኖ፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር ታርቆ ነው ታዲያ። አያ ስንሻው መውጣቱ አላጓጓቸውም። እርቁን ግን ያዙት፤ እርቅ ከወረደ ደሙ ደረቀ ማለት ነው፣ ሙሉቀን ጢሙን ያሳድጋል ማለት ነው። ሽማግሌ ላኩ። ፈንታ እሺ አለ። በአንድ ነገር ግን፦ ስንሻው በመስቀል ፊት በገዛ አፉ ገድያለሁ ይበል።

ለምን እንደፈለገ ገብቷችኋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ጌጡ አረቄ ቤት ለአረቄ ቤት እየዞረ ጉራውን መንዛት ጀምሮ ነበር። ሦስቱ ምስክሮች በሐሰት እንደማሉ ሕፃን ሳይቀር ያወራል፤ ሙሉቀን ሲመጣ ብቻ ወሬው ይቆማል፣ ልጁ ካወቀ ደም ያነሳል ተብሎ። ስንሻው በአፉ ካመነ ግን የእነ ፈንታ መሐላ እውነት ሆኖ ይቀራል። የሳቸውን ነፍስ ከፍሎ የራሱን ስም ሊያጥብ።

የኛ አገር ሰው ገመድ አይፈራም። በመስቀል በሐሰት መማል ግን ሌላ ነው። አያ ስንሻው እህል ውሃ ትተው ሰነበቱ። «አንገትህን አምጣ ቢለኝ እሰጠው ነበር» አሉኝ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፀሐይ እየሞቅን። «ነፍስህን ነው ያለኝ።» እኔ ደግሞ አላርፍም፤ ምን ችግር አለው ይማሉ እንጂ፣ እነሱም ምለው የለ ወይ አልኳቸው። በጥፊ አጮሉኝ። ጆሮዬ እስኪያፏጭ። «እነሱ ስለማሉ ነው እኔ እዚህ ያለሁት» አሉ።

ሙሉቀን በሚቀጥለው እሑድ መጣ። ተላጭቶ ነው የመጣው፤ አገጩ ግን ጠቁሯል፣ ምላጭ የማይሸፍነው ጢም ነው። አያ ስንሻው አገጩን አዩ። ሲሄድ «ለሽማግሌዎቹ ይምጡ በላቸው» አሉት።

መጡ። ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ያወጣነው እኔና ሞላ ነን፤ ስለዚህ ቆመን አየን። ፈንታ ነጭ በነጭ ለብሷል። የቢሆነኝ ሚስት ጥቁሯን አላወለቀችም። አያ ስንሻው እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው መጡ። ቄሱ የዚያው የመንደሩ ደብር ቄስ ናቸው፤ አባትና ልጁን ፈትተው የቀበሩ እሳቸው፣ ማን እንደገደላቸው እንደማንኛውም ሰው የሚያውቁ። መስቀላቸውን አውጥተው፣ ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ተክለው፣ ቢሆነኝንና ልጁን የገደልክ አንተ ነህ ወይ ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ስንሻው።

«አልሰማሁም» አለ ፈንታ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ልጁንም?»

ድንጋዩ ሊወርድ ትንሽ ቀረው። ሞላ ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ፤ ምላሴን ያውቃላ።

«ልጁንም።»

«ይበቃል ፈንታ፣ ይበቃል» አለች ሚስትየው በነጠላዋ ውስጥ። ፈንታ ተነሳ፣ ድንጋዩን አወረደላቸው፣ ጉንጭና ጉንጫቸውን ሳማቸው። ሽማግሌው ሁሉ አለቀሰ። ፖሊሱም አለቀሰ። ቄሱ መስቀሉን ለሁሉ ሲያሳልሙ አያ ስንሻው ዘንድ ደርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። እሳቸውም አልተጠጉም። ከዚያ ከአንድ ገበታ ተበላ፤ ደሙ ደረቀ ተባለ።

ክፍላችን ስንመለስ መዳፋቸውን መሬት ላይ አደረጉ። «ይሄን ነገር ከዚህ ቤት ያወጣ ልጄን ገደለው» አሉ። ዞር ብለው «በተለይ አንተ» አሉኝ።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። እሳቸው ሲፈቱ ገሳይ ሄጄ ድግሱን በላሁ። በግ ታርዷል፣ ዳስ ተጥሏል። መሀል ላይ ማን ተነሳ መሰላችሁ፤ ጌጡ። ዱላውን ወዝውዞ ፎከረ። ገዳይ፣ የገዳይ ወንድም አለ። ሁለት ጥሎ የማይሸሽ የስንሻው ወንድም አለ። የእነ ፈንታ ሰዎች ስለሌሉ ነው የደፈረ። ሰዉም በለው፣ በለው ይላል፤ ሁሉም ያውቃል እኮ፣ እያወቀ ነው በለው የሚል። ሙሉቀን ማዕዱን ትቶ ወጣ። እኔ ብድግ ልል ስል አያ ስንሻው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫኑት። ከባድ እጅ ነው። «ብላ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ገብተው አያውቁም። ቅዳሴ ሲቀደስ ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡን ተደግፈው ይቆማሉ። ሰው ነፍሰ ገዳይ ስለሆነ አፍሮ ነው ይላል። የነፍስ አባታቸው እውነቱን ለሕዝብ ካልተናገርክ አልፈታህም ብለዋቸዋል። ከተናገሩ ደግሞ እርቁ ይፈርሳል። መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ መጨረሻ ያገኘኋቸው እዚያው ግንቡ ሥር ነው። አሁንም ስቅላት ይኑር ባይ ነዎት ወይ አልኳቸው፣ ልነካካቸው ብዬ።

«አሁንማ ምን ጥያቄ አለው» አሉ። «ያኔ ቢሰቅሉኝ ቆርቤ እሞት ነበር።»

እኔ አሁንም የሞት ቅጣት ይቅር ባይ ነኝ። ይሰቀል የሚል ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚሰቀለውን ማን መረጠልህ? የሚመልስልኝ የለም፤ አፍህ አያርፍም ብቻ ነው የሚሉኝ።

ተሳፋሪዎቹን ያወረድኩ ለት ባጃጇን ለጓደኛዬ ትቼ ገሳይ ሄድኩ። ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ቃሬዛውን ከፊት የያዘው ፈንታ ነው። ቄሱ ፈትተው ቀበሩ፤ አልፈታም ቢሉ ምክንያቱን ምን ብለው ይናገሩ? ጌጡ መሬት ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል። ሙሉቀን አላለቀሰም። ለቅሶ ቤት ገብተን ስንቀመጥ አጠገቤ መጣ። ሙሉ ጢም አውጥቷል፣ አግብቷል፣ ልጅ ወልዷል።

«አብረኸው ታስረህ ነበር አይደል» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቢሆነኝስ ይሁን፣ ጠበኛው ነው። ልጁን ለምን ገደለው? አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንማር። አባቴን ስንት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ዝም ነው።»

ፈንታ ከማዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። እያየኝ ነው። ከጎኑ ወንድሞቹ፣ የወንድሞቹ ልጆች፣ ሁሉም ጎረምሳ ናቸው።

«አልነገሩኝም» አልኩት።

«አለመሰቀሉ ነው የጎዳን» አለ ሙሉቀን። «ያን ጊዜ ሰቅለውት ቢሆን ይቅር እለው ነበር።»

እግዜር ያጽናህ አልኩት። እህል ቀረበ። ሙሉቀን ተነሳ፤ የቤቱ ልጅ ነውና እንግዳ ማስታጠብ የሱ ነው። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ከፈንታ ጀመረ።